ያለ ቀናቸው የተወለዱ ሕፃናት አንጀት ሲዘጋ

ጤና ይስጥልኝ፣ የተከበራችሁ አድማጮች። ከሐረር ነው የምናገረው። በጨቅላ ሕፃናት ክፍል የምሠራ ነርስ እንደመሆኔ፣ ዛሬ የማነሣው ዘወትር የሚያሳስበኝን ጉዳይ ነው፤ 32 ሳምንት ሳይሞላቸው የተወለዱ ሕፃናት አንጀታቸው ሲዘጋ መቼ መታገሥ፣ መቼስ መፍጠን እንደሚገባን።

ቀኑን ጠብቆ የተወለደ ጤናማ ሕፃን አብዛኛውን ጊዜ በ24 ሰዓት፣ ቢዘገይ በ48 ሰዓት ውስጥ ሜኮኒየም የሚባለውን ጥቁር አረንጓዴ የመጀመሪያ ሰገራውን ያወጣል። ክብደቱ ከ1,500 ግራም በታች የሆነው ግን የአንጀቱ እንቅስቃሴ ገና ስላልጠነከረ ቀናት ሊቆይበት ይችላል፤ የቆየውም ሰገራ ውሃው እየተመጠጠ ይወፍርና እንደ ሙጫ ተጣብቆ መንገዱን ይዘጋል። በማሕፀን ሳለ እድገቱ የተገታ ከሆነ፣ ወይም እናቱ ለእርግዝና ደም ግፊት ማግኒዚየም ሰልፌት ወስዳ ከነበረ ይበልጥ እንጠረጥራለን። አንጀቱ በአፈጣጠሩ ጉድለት ሳይኖርበት መዘጋቱ ነው የተስፋው ምንጭ፤ የተጣበቀው ከለቀቀ ብዙ ሕፃናት ያለ ቀዶ ሕክምና ይድናሉና።

በየፈረቃው ሆዱን በሜትር እንለካለን፣ ከጨጓራውም በሲሪንጅ ጥቂት ፈሳሽ እንስባለን። የሚወጣው የወተት ቀለም ሲሆን እፎይ እላለሁ፤ አረንጓዴ ሲሆን፣ የሆዱ ቆዳም ተወጥሮ ሲያብለጨልጭና የአንጀቱ ቅርጽ ከሥሩ ሲታይ፣ ለሐኪሙ ለመደወል አንዲት ደቂቃ አላባክንም። ምግቡ ይቆማል፣ በአፉ የገባው ቱቦ ክፍት ሆኖ አየሩንና ፈሳሹን ያስወጣል፣ ግሉኮስ ይጀመራል፣ ራጅ ይነሣል። ከዚያ በኋላ ሐኪሞቹ ጋስትሮግራፊን የተባለውን ፈሳሽ አቅጥነው በፊንጢጣ በኩል በዝግታ ይሰጡታል። መድኃኒቱ ውሃ ወደ አንጀት እየሳበ ሰገራውን ያላቅቃል፤ ያ ውሃ ግን ከሕፃኑ ከራሱ ደም የሚሳብ ስለሆነ፣ በደም ሥር የሚሰጠው ፈሳሽ አስቀድሞ ካልተስተካከለ ይጎዳዋል። ግፊቱ ከበዛም ያ ስስ አንጀት ሊበሳ ይችላል።

ሰገራው ደም ከቀላቀለ፣ ሕፃኑ ከደከመ፣ ወይም ራጁ በአንጀት ግድግዳ ውስጥ አየር ካሳየ የምንፈራው ሌላ በሽታ ነው፤ የአንጀት መቆጣትና መሞት። አየር ከአንጀት ውጭ ከታየ ደግሞ ነገሩ የቀዶ ሐኪም ነው።

አያቶቻችን ለአዲስ ሕፃን ቅቤ ማላሳቸው ከፍቅር የመነጨ መሆኑን አልጠራጠርም። ሆኖም ለዚህ አንጀት ከእናቱ እንገርና ጡት ወተት የተሻለ ምግብ የለም፤ ምግቡ በቆመበት ጊዜም እናቲቱ ወተቷን እያለበች እንድታስቀምጥ አጥብቄ እለምናለሁ።

ከድሬዳዋ ወደ እኛ ሕፃን ለምትልኩ ባልደረቦቼ አንድ ነገር ላንሣ። በደንገጎ በኩል ያለው መንገድ ከ600 ሜትር በላይ ወደ ላይ ስለሚወጣ፣ በተዘጋ አንጀት ውስጥ የታመቀው አየር በጉዞው ላይ ይሰፋል። ቱቦው ታስሮ የመጣ፣ ሆዱ ከመንገድ ላይ የተነፋ ሕፃን ተቀብዬ አውቃለሁ። ስለዚህ ቱቦው አፉ ክፍት ይሁን፣ አብሮ የሚጓዘውም ባለሙያ በየመሐሉ በሲሪንጅ ይሳብለት፤ ሁኔታው ከፈቀደ ሕፃኑ በእናቱ ደረት ላይ ቆዳ ለቆዳ ተጣብቆ ይምጣ፣ ራጁም ከሪፈር ወረቀቱ ጋር ይላክ።