ክፍል 58፦ የቱ? (ነሐሴ 2016 ዓ.ም.፣ በፈረንጆቹ 2024)

እሺ። እየቀዳ ነው? ቀይዋ መብራት በርታለች። እየቀዳ ነው።

ሰላም ናችሁ? እንደተለመደው ቁም ሳጥን ውስጥ ነኝ። ካፖርቶቼም ሰላም ብለዋችኋል። በነሐሴ ሙቀት ካፖርት መሃል መቀመጥ ቀላል አይደለም፣ ስለዚህ ዛሬ ቶሎ እጨርሳለሁ። (ሳቅ) እሺ፣ አልጨርስም።

ዛሬ ስለ መኪናዬ ላወራ ነበር። አውቃለሁ፣ ቃል ገብቻለሁ። አልሞተችም። ዜናው ይኸው ነው። ሌላውን ለሚቀጥለው።

አንድ ነገር ከሰኞ ጀምሮ ጉሮሮዬ ላይ ተቀምጧል። ሰኞ ማታ ያቺ ልጅ ደወለችልኝ። "እትዬ" እያለች የምታስረጀኝ። በሚቀጥለው ሰኞ ቺካጎ ላይ የዴሞክራቶች ጉባኤ ይከፈታል። ውጭ ሰልፍ አለ፣ ስለ ጋዛ። ልጆቹ ከዚህ ከሚኒያፖሊስ አውቶቡስ ተከራይተዋል። "እትዬ፣ አንቺ 2008 ላይ ሴንት ፖል ነበርሽ አይደል? ነይና ምክር ስጪን። ከቻልሽ አብረሽን ሂጂ። ጦርነቱን እስኪያቆሙ ድረስ..." እያለች ነው።

"የቱን?" አልኳት።

ዝም አለች። ጥያቄው አልገባትም። እኔም ዝም አልኩ። ቃሉ ከአፌ እንደወጣ የማን እንደሆነ አወቅኩት። የእኔ አይደለም። አሥራ ስድስት ዓመት ሙሉ ሌላ ሰው ያስቀመጠብኝ ቃል ነው።

የሴንት ፖሉን ነገር እስኪሰለቻችሁ ነግሬያችኋለሁ። ፈረሶቹን፣ አጥሩን፣ እናቴንና የጠበቃውን ስልክ። ለአዲሶቹ፦ በፈረንጆቹ 2008 ሪፐብሊካኖች ጉባኤያቸውን ሴንት ፖል ሲያደርጉ የኢራቅን ጦርነት ተቃውመን ሰልፍ ወጥተን ነበር። ከታሰራችሁ ትደውላላችሁ ተብለን የጠበቃ ስልክ በማርከር ክንዳችን ላይ ጽፈን ነበር። እናቴ አይታው "የማን ስልክ ነው?" ብላ ሦስት ቀን አኮረፈችኝ። ማርከሩም ሦስት ቀን አልለቅ አለ። አንድ ላይ ነው የለቀቁት። አዎ። አስቂኝ አስቂኙን እየመረጥኩ ነበር የምነግራችሁ። የላውንደሪውን ግን ነግሬያችሁ አላውቅም።

ከሰልፉ ሳምንት ገደማ በፊት ነው። ቅዳሜ መሆን አለበት፣ ላውንደሪ የሚሞላው ቅዳሜ ነው። ሴዳር ሪቨርሳይድ፣ ሶማሌዎች የሚበዙበት የሚኒያፖሊስ ሰፈር፣ እነዚያ ባለ ቀለም ፎቆች አካባቢ። እኔ 24 ዓመቴ ነው። ትከሻዬ ላይ የወረቀት ቦርሳ አለ። በራሪ ወረቀቱን በሦስት ቋንቋ አዘጋጅተናል፦ እንግሊዝኛ፣ ሶማሊኛ፣ አማርኛ። አማርኛውን የተረጎምኩት እኔ ነኝ። መተርጎም ካላችሁት። እንግሊዝኛው ላይ "የአሜሪካ ጦር ከኢራቅ ይውጣ፣ አሁኑኑ" የሚል ነው። እሱን በትልቁ ስጽፈው ከወረቀቱ ይተርፋል። ያኔ ደግሞ ፊደሉ ሌላ ኮምፒውተር ላይ ሲከፈት ሳጥን ሳጥን ይሆናል፣ ታስታውሳላችሁ አይደል? ግማሽ ሌሊት ከሳጥን ጋር ስታገል አደርኩና በመጨረሻ አሳጠርኩት። "ጦርነቱ ይቁም" አልኩ። ሁለት ቃል። በጣም ኮርቼ ነበር።

ያን ቀን የሶማሊኛው አለቀብኝ። የቀረኝ አማርኛው ነው። አንዲት ሴትዮ ማድረቂያው ጋ ቆማለች። ሃምሳ ይሆናታል። ብርቱካናማ ሂጃብ። አማርኛውን ዘረጋሁላትና በእንግሊዝኛ "ይቅርታ፣ የሶማሊኛው አልቆብኝ ነው" አልኳት። ተቀበለችኝ። አየችው። ከንፈሯ ተንቀሳቀሰ። እያነበበች ነው!

ከዚያ በአማርኛ፦ "የቱ?"

"አቤት?" አልኩ።

"ጦርነቱ ይላል። የቱ?"

እስቲ ቆይ፣ ውሃ ልጠጣ።

ይቺ "ቱ" ናት ጉዷን ያፈላችው። "ጦርነት ይቁም" ብል ኖሮ ለሁሉም ይሆን ነበር። ግን "ጦርነቱ" ብያለሁ። ጦርነቱ ማለት እኔም አንቺም የምናውቀው፣ ስም የማያስፈልገው ማለት ነው። እሷም የምታውቀው አላት። የእኔ እና የእሷ አንድ አልነበሩም። ወይም አንድ ነበሩ። እኔንጃ።

ምን እንደመለስኩ ልንገራችሁ። "አማርኛ ይችላሉ?" አልኳት። ቂል! ወረቀቱን አንብባ ጠይቃኛለች እኮ።

"ድሬ ነው ያደግኩት። አንቱን ተዪው፣ ድሬ አንቱ የለም። አንቺስ?"

"አዲስ አበባ።"

"እ" አለች።

ይቺን "እ" ብትሰሟት። ክፋት የለባትም። አንድ ሰው መዝገብ ከፍቶ ስም ሲጽፍ እንደሚላት ዓይነት "እ" ናት። ማድረቂያው ጮኸ። ከፈተችው። የልጆች ልብስ ነው፣ ብዙ፣ ትንንሽ ካልሲዎች። ማጠፍ ጀመረች። ወረቀቱ ካልሲዎቹ ላይ ተቀምጧል። እያጠፈች ትጠብቀኛለች። ያልመለስኩት ነገር አለ።

"የኢራቁ ነው" አልኳት።

"የእኛስ?"

እኔም... (ዝምታ) "እሱ ትንሽ ውስብስብ ነው" አልኩ።

ውስብስብ። ለሷ። ካልሲ እያጠፈች።

አታስቢው ትሉኝ ይሆናል። ግን ጊዜውን አስቡት። የእኛ ጦር ሶማሊያ ከገባ ሁለት ዓመት ሊሞላው ነው። ታኅሣሥ ላይ ገብቶ በቀናት ውስጥ ሞቃዲሾ ደረሰ። አሜሪካ ከጀርባ ናት፣ በአውሮፕላንም እዚያው መትታለች። ከሞቃዲሾ በመቶ ሺዎች የሚቆጠር ሰው ተሰዷል። ሴዳር ሪቨርሳይድ ውስጥ ስልክ ያልተደወለለት ቤት ያለ አይመስለኝም። እኔ ደግሞ ቡሽን እቃወማለሁ ብዬ ዓመት ሙሉ ስብሰባ ለስብሰባ ስባዝን ስለዚህ ጉዳይ አንድ ቃል ተንፍሼ አላውቅም። የኢትዮጵያን መንግሥት ፈርቼ? አይ። ከ97 ምርጫ ወዲያ እዚህ ማን ይፈራዋል፣ በየሳምንቱ እየወጣን እንሰድበው ነበር።

የአክስቴ ልጅ እዚያ ነበር። ወታደር። ባይዶዋ ይሁን ሞቃዲሾ በትክክል አናውቅም። እናቴ በየማታው ስሙን እየጠራች ትጸልያለች። ስለዚህ ያ ጦርነት ቤታችን ውስጥ ጦርነት አይባልም። "ልጁ የሄደበት" ነው የሚባለው። ተመልሷል፣ ተመስገን። ጥር ላይ ጦሩ ሲወጣ። እስከ ዛሬ ግን አይወራም።

"የእኛስ?" ስትለኝ ደግሞ፣ ይሄ ነው የሚከነክነኝ፣ የእኛ ያለችው የነማንን ነው? የሶማሌዎችን? ወይስ የእኔንና የእሷን? አማርኛ እዚህ ጋ አይረዳችሁም። ሁለቱም "የእኛ" ነው።

ወረቀቱን አራት አጥፋ ካልሲዎቹ መሃል ከተተችው። አልጣለችውም። ብትጥለው ይሻለኝ ነበር። ከዚያ "እሺ የኔ ልጅ። ሙቀት ነው፣ ውሃ ጠጪ" አለችኝ።

(ዝምታ)

ውሃ ስል፣ ለልጆቹ የምሰጣቸው እውነተኛ ምክር ውሃ ነው። አልቀልድም። እኛ ጥምረት ውስጥ አንድ ሽማግሌ ነበሩ። በ1968 ቺካጎ ላይ፣ በቬትናም ጊዜ፣ ፖሊስ ሰልፈኛውን በዱላ ሲደበድብ እዚያ የነበሩ። አርባ ዓመት ልምድ። አብዮት እንዴት ይነሳል ብለን ስንጠይቃቸው "ሽንት ቤቱ የት እንዳለ እወቁ" ነበር የሚሉን። እኛ ግን አጥሩ ጋ ስንደርስ በግራ ነው በቀኝ የምንዞረው እያልን ሦስት ሰዓት እንጨቃጨቃለን። የመንገዱ ጉዳይ ፌዴራል ፍርድ ቤት ድረስ ሄዷል እኮ። ከተማው ደግሞ ለጥበቃ 50 ሚሊዮን ዶላር ከፌዴራል አግኝቷል። አሥር ሚሊዮን የሚደርስ ኢንሹራንስም ነበር፣ ፖሊሶቹ ሰው ጎድተው ቢከሰሱ የሚከፍል። አስቡት፣ ሳይመቱን በፊት የዱላው ሒሳብ ተይዟል። እንደ ዕቁብ። (ሳቅ)

ሰልፉ ቀን ነሐሴ 26 ነው። 2000 ዓ.ም. ሊያልቅ ቀናት ቀርተውታል፣ ያ ሁሉ የሚሌኒየም ዘፈን የተዘፈነለት። በፈረንጆቹ ሴፕቴምበር 1፣ የአሜሪካ የሠራተኞች ቀን። ከሚኒሶታ ምክር ቤት፣ ከካፒቶሉ ሣር ተነስተን ሪፐብሊካኖቹ ወዳሉበት ወደ ኤክሴል አዳራሽ። ቡሽ ግን የለም! ጉስታቭ የሚባል አውሎ ነፋስ ሉዊዚያና ላይ ወረደ። ቡሽም ቼኒም ቀሩ። የመጀመሪያው ቀን ፕሮግራም ተቆረጠ። ዓመት ሙሉ የተዘጋጀንለት ሰውዬ ቀረ። ሙሽራ የሌለበት ሠርግ።

እኔ አስተባባሪ ነኝ። ብርቱካናማ ሰደርያ። ሥራዬ ሰው ከመስመር እንዳይወጣ መጠበቅ ነው። ዓይኔ ግን ሂጃቧን ነው የሚፈልገው። ብርቱካናማ። አስተባባሪው ሁሉ ብርቱካናማ ለብሷል። ከሩቅ አየኋት እላለሁ፣ ስጠጋ ጢም ያለው ሰውዬ ነው። ፖሊስ 10 ሺህ ሰው አለ። እኛ 30 ሺህ አልን። እኔ ግን የፈለግኩት አንድ ሰው ነው።

አንዴ፣ አጥሩ አካባቢ፣ ሁለት ልጆች የያዘች ሴትዮ በእግረኛ መንገዱ ላይ ቆማ አየሁ። ቆማ እያየች። ሰልፉ ውስጥ አይደለችም። እሷ ትመስለኛለች። እጄን አነሳሁ። እጇን ያነሳች መሰለኝ። ወይም ለልጁ ፀሐይ እየከለለችለት ነው። ይሄን ለዓመታት ስናገረው "መጣች" እያልኩ ነበር። ዛሬ ቁም ሳጥን ውስጥ ሆኜ ስናገረው... አላውቅም። ልጆች መያዟንም እርግጠኛ አይደለሁም። ካልሲዎቹን አይቼ የጨመርኳቸው ይሆናል።

ከዚያ በኋላ ያለውን ታውቁታላችሁ። ከሰዓት መሃል ከተማው ጭስ ጭስ ሸተተ። በሳምንቱ ከ800 በላይ ሰው ታሰረ። ሐሙስ ማታ ብቻ ወደ 400፣ ጋዜጠኛ ሳይቀር። ፈቃዱ በእኛ አቆጣጠር 11 ሰዓት ላይ አለቀ፣ ከዚያ ወዲያ የቆመ ሁሉ ወንጀለኛ ሆነ። እኔ ሐሙስ ሥራ ላይ ነበርኩ። ምንም ጀግንነት የለም።

ወደ ላውንደሪውስ ተመለስሽ? ትሉኛላችሁ። ተመለስኩ። ዕንቁጣጣሽ ካለፈ በኋላ። ልብስ ሳልይዝ። ልብስ ሳይዙ ላውንደሪ መቀመጥ ምን ያህል እንደሚያስጠረጥር አስቡት። አልነበረችም። የዚያን ዓመት መጨረሻ ደግሞ ወሬው ሁሉ ከሰፈሩ ወጥተው ሶማሊያ ሄደው አልሸባብን ስለተቀላቀሉ ወጣቶች ሆነ። ኤፍቢአይ በየበሩ። ያኔ የማያውቁት ሰው አማርኛ እየተናገረ "አንዲት ሴትዮ እፈልጋለሁ" ቢል... ተውኩት። ምክንያት ሆነልኝ። እውነቱን ልናገር፣ ቀሎኝ ነበር።

እና ሰኞ ማታ። እኔ ያቺን ቃል ለልጅቷ ስወረውርላት።

ያው አንድ ቃል ነው አይደል? ግን አይደለም። ቤተ ክርስቲያን መኪና ማቆሚያው ላይ ወረቀት ሳድል "ኢራቅ ምንሽ ናት? አገርሽ እያለልሽ?" የሚሉኝ ጋሼዎች ነበሩ። እሱም "የቱ?" ነው። ግን በር ሲዘጋ የሚሰማ "የቱ" ነው። ለኢራቅም ለሶማሊያም ለማንም የማይወጣ ሰው የሚላት። የሴትዮዋ ሌላ ነው። እሷ መልስ ትጠብቅ ነበር። ካልሲ እያጠፈች ጠብቃለች።

ሰኞ የእኔ የትኛው ነበር?

ምክንያቱም ሳስበው... በፈረንጆቹ 2020 መጨረሻ ሰሜን ላይ ሲጀመር የቀዳሁትን ክፍል የምታስታውሱት ታስታውሱታላችሁ። አትችሉም፣ ለካ አልለቀቅኩትም። (ሳቅ) አርባ ደቂቃ ነበር። አጠፋሁት። "ውስብስብ ነው" አልኩ ለራሴ። ያው ቃል። ከዚያ ወዲህም ሌላ መጣ፣ አሁንም አለ፣ እኔም ስለ መኪናዬ አወራለሁ። አሁን አንዲት የሃያ ዓመት ልጅ ቢያንስ አንዱን ይዛ ስትነሳ፣ እኔ ተነስቼ "የቱን?" ልበላት? በምን አፌ?

ወይም ደግሞ ልክ ነበርኩ። አላውቅም። ልጅቷ ሁሉንም መያዝ አለባት? ማን ነው ሁሉንም የሚይዝ? ሁሉንም ካልያዝሽ አንዱንም አትያዢ ከተባለ ጋሼዎቹ አሸነፉ ማለት ነው። ግን ደግሞ ያንን ለሴትዮዋ ንገሪያት። ሂጂና ንገሪያት።

ኡፍ። ሞቀኝ። ይሄ ጥቁሩ ካፖርት ፊቴ ላይ ነው።

ልጅቷ ትናንት ጽፋልኛለች። "እትዬ፣ ወንበር ይዤልሻለሁ፣ መስኮት ዳር" ትላለች። ስለ ጥያቄዬ ምንም አላለችም። ቺካጎ ሰባት ሰዓት ቢፈጅ ነው። ለእናቴ ስነግራት "በፍልሰታ? አውቶቡስ ላይ ምን ልትበዪ?" አለች። እንጂ አትሂጂ አላለችም። ቆሎ እየቆላች ነው። ገና ሳልወስን። ለስንት ሰው እንደምትቆላ እግዜር ይወቀው፣ ቤቱ በሙሉ ሸቷል።

እስከ ዓርብ መልስ ስጪኝ ብላኛለች። መልስ ከመስጠቴ በፊት ስለ ሴትዮዋ ልነግራት ይገባ ይሆን? ወይስ እሱም እኔን ንጹሕ ለማድረግ... ምን ነበር የምለው? ወረቀት። አዎ፣ ወረቀት ያድላሉ እንዴ አሁን? ሁሉም በስልክ ነው መሰለኝ። የአማርኛውን ማን እየተረጎመላቸው እንደሆነ አልጠየቅኳትም። እስቲ ልጠይቃ—

እናቴ እየጠራችኝ ነው። "ጨው ቀመስሽው?" እያለች። እንዴት ልቅመሰው፣ ቁም ሳጥን ውስጥ ነኝ። መጣሁ! መጣሁ እማዬ! ቆይ፣ ይሄ ነገር በየት ነው የሚጠ—