ባሕር ሥር ያሉ ጆሮ ጠቢዎች

እንደምን አመሻችሁ! አባቶች፣ እናቶች፣ እህት ወንድሞቼ፣ በዚህ በደሴ ብርድ ከቤት ወጥታችሁ ስለመጣችሁ ከልብ አመሰግናለሁ።

ጦሳ ተራራ ሥር ቆሞ ስለ ባሕር ሰርጓጅ መርከብ የሚያወራ ሰው ስታዩ «ምን ነካው?» ብትሉ አልፈርድባችሁም። ባሕር የለንም። በአቅራቢያችን ያለው ትልቅ ውኃ ሐይቅ ነው፤ እሱም ቢበዛ 88 ሜትር ገደማ ቢጠልቅ ነው። ግን ነገሩ ኪሳችሁ ውስጥ ያለውን ስልክ ስለሚነካ ትንሽ ታገሡኝ። ዘመኑን የምጠራው በፈረንጅ አቆጣጠር ነው፤ እንዳታምታቱብኝ አደራ።

ደሴ ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ይህን ከፍታ ገልብጡና ወደ ታች አስቡት። ሎሻሪክ የሚባለው የሩሲያ የኑክሌር ሰርጓጅ በ2012 በአርክቲክ ውቅያኖስ ይህን ያህል እንደወረደ ተዘግቧል። ውኃ ውስጥ በየ10 ሜትሩ አንድ የከባቢ አየር ግፊት ይጨመራል። እዚያ ታች በእያንዳንዷ ስኩዌር ሴንቲሜትር ላይ 250 ኪሎ ያርፋል። በአውራ ጣታችሁ ጥፍር ላይ ሁለት ኩንታል ተኩል ጤፍ ተጫነ በሉ። የተለመዱት የጦር ሰርጓጆች በመቶዎች በሚቆጠር ሜትር ነው የሚሠሩት፤ ከዚያ ቢያልፉ ግፊቱ ይጨፈልቃቸዋል።

ሎሻሪክ የሚተርፈው በቅርጹ ነው ይባላል። ውስጡ እርስ በርስ የተያያዙ የቲታኒየም ኳሶች ናቸው። ኳስ ግፊቱን ከሁሉም አቅጣጫ እኩል ይካፈላል፤ በአንድ በኩል አይሸነፍም። ስሙም ከኳሶች ከተሠራ የካርቱን ፈረስ የመጣ ቅጽል ነው። ኑክሌሩስ ለምን? ሪአክተር፣ ማለትም የኑክሌር ኃይል ማመንጫው፣ አየር አይፈልግም፤ ባትሪም ልሙላ ብሎ ወደ ላይ አይወጣም። ለድብቅ ሥራ ደግሞ ዋናው ነገር አለመታየት ነው።

ሐምሌ 1 ቀን 2019 በዚሁ ሰርጓጅ ውስጥ እሳት ተነስቶ 14 የባሕር ኃይል መኮንኖች ሞቱ። የሩሲያ መንግሥት የባሕር ወለል እያጠኑ ነበር ካለ በኋላ ዝርዝሩን የመንግሥት ምስጢር ነው ብሎ ዘጋው። ከሟቾቹ 7ቱ የአንደኛ ማዕረግ ካፒቴኖች ነበሩ፤ በምድር ጦር ቢሆን ኮሎኔሎች ማለት ነው። እኔ በበኩሌ ለጭቃ ጥናት ሰባት ኮሎኔል በአንዲት ትንሽ ጀልባ ይላካል ብዬ አላምንም።

አሜሪካኖቹም ጻድቅ አይደሉም። እንዲያውም ቀድመዋል። በ1969 ኤንአር-1 የምትባል ትንሽ የኑክሌር ሰርጓጅ ውኃ ላይ አወረዱ። ከ700 ሜትር በላይ ትጠልቃለች፤ መስኮት አላት፤ ከሆዷ ሥር ደግሞ ጎማ። አዎ፣ ጎማ! ባሕሩ ወለል ላይ እንደ መኪና ትሄዳለች። ኑሮው ግን አያስቀናም። ምግቡ በረዶ ሆኖ የታሸገ ነው፣ የሚተነፍሱትን ኦክስጅን የሚያወጡት ልዩ ሻማ አቃጥለው ነው፣ ገላ መታጠብ በሳምንት አንዴ በአንድ ባልዲ ውኃ ነው። በ1986 ቻሌንጀር የተባለችው መንኮራኩር ስትፈነዳ ስብርባሪዋን ከባሕር ሥር ከፈለጉት አንዷ እሷ ነበረች። በ2008 ጡረታ ወጣች። እስከ መጨረሻው ወግ ያለው ስም እንኳን አልወጣላትም።

አሁን ወደ ዋናው ጨዋታ ልግባ። በ1971 ሃሊበት የሚባል የአሜሪካ ሰርጓጅ ተደብቆ ወደ ኦኾትስክ ባሕር ገባ። ባሕሩን ሶቪየቶች እንደ ጓሯቸው ነበር የሚያዩት። በወለሉ ላይ የባሕር ኃይላቸው የስልክ ኬብል ያልፋል። ጠላቂ ዋናተኞች 120 ሜትር ያህል ወርደው፣ ሂሊየም የተቀላቀለበት አየር እየሳቡ፣ ኬብሉ ላይ መቅጃ ጠመጠሙበት። ኬብሉን አልቆረጡም፣ አልበሱም። ሽቦ ውስጥ ኤሌክትሪክ ሲያልፍ ውጭው ላይ መግነጢሳዊ ምልክት ይተዋል፤ መሣሪያው የሚለቅመው እሱን ነው። ሶቪየቶቹ ኬብሉን ለጥገና ቢያነሱት መሣሪያው ራሱ ወልቆ እንዲወድቅ ተደርጎ ተሠርቷል። ከዚያ በየጊዜው ተመልሰው እየገቡ የተቀዳውን ካሴት ይሰበስባሉ። ሶቪየቶቹ በኬብሉ ከመተማመናቸው የተነሳ ብዙውን ወሬ ያለ ምስጢር ኮድ ነበር የሚያወሩት።

ታዲያ ይህ ሁሉ በምን ፈረሰ መሰላችሁ? በሶናር፣ ማለትም ውኃ ውስጥ ያለን ነገር በድምፅ በሚያድነው መሣሪያ፣ አይደለም። ሮናልድ ፔልተን የሚባል፣ በአሜሪካው የስለላ ድርጅት በኤንኤስኤ ይሠራ የነበረ፣ ዕዳ አንገቱ ድረስ የደረሰ ሰው በ1980 ዋሽንግተን ወዳለው የሶቪየት ኤምባሲ በእግሩ ሄዶ ሸጠው። ያገኘው ብር? 35,000 ዶላር ገደማ። የኑክሌር ሰርጓጅ፣ ጠላቂዎች፣ ስንት ዓመት የተለፋበት ሥራ፤ በ35,000 ዶላር! መሣሪያው ኋላ ሞስኮ ሙዚየም ገብቶ ለጎብኚ ታየ። ፔልተን በ1985 ተይዞ በማግስቱ ዓመት ዕድሜ ልክ ተፈረደበት።

ዛሬም ሥራው ቀጥሏል። አሜሪካ በ2005 ጂሚ ካርተር የተባለውን ሰርጓጅ ለዚህ ዓይነት ተልእኮ ብላ 30 ሜትር ያህል አስረዝማ ሥራ ላይ አዋለች። ሩሲያ በ2022 ቤልጎሮድን ተረከበች፤ ርዝመቱ 184 ሜትር ገደማ ነው፤ ትንንሽ ጠላቂ ሰርጓጆችን ከሆዱ ሥር አዝሎ ይሄዳል።

እኛስ? እኛ ከኮምቦልቻ በባቲ፣ በሚሌ እያልን ወደ ባሕር የሚወርደውን መንገድ የምናውቀው በመኪና ነው። ስልካችሁ ላይ የምታዩት ቪዲዮ ግን ጅቡቲ ወይም ኬንያ ጠረፍ ከደረሰ በኋላ አብዛኛው መንገዱ የባሕር ወለል ነው። ሳተላይት የሚመስለው ብዙ ሰው አለ፤ አይደለም። እንደ ፀጉር የቀጠኑ የመስታወት ክሮች ናቸው፣ በኬብል ተጠቅልለው አሸዋ ላይ የተኙ።

ይህን ሰምታችሁ ዛሬ ማታ ሩሲያ ወይም አሜሪካ ኬብላችንን ይቆርጥብናል ብላችሁ እንቅልፍ እንዳታጡ። በዓለም ላይ በዓመት ከ150 እስከ 200 የሚደርስ የኬብል ብልሽት ይደርሳል። አብዛኛው የዓሣ አጥማጅ መረብና የመርከብ መልሕቅ ሥራ ነው። በየካቲት 2024 ሩቢማር የተባለች የጭነት መርከብ በየመን ታጣቂዎች በሁቲዎች ሚሳይል ተመታች። ሠራተኞቿ መልሕቅ ጥለው ወጡ። መርከቧ እየተንሳፈፈች መልሕቋን ስትጎትት ቀይ ባሕር ውስጥ ሦስት ኬብል ሳትቆርጥ እንዳልቀረች ነው የሚነገረው። ቅንጣት ስለላ የለበትም፤ የተጎተተ ብረት ብቻ ነው።

ስለዚህ የሰርጓጁን ወሬ ለቡና ጨዋታ አቆዩት፤ ደስ የሚል ወሬ ነው፣ እኔም አልጠግበውም። የቴሌኮም ባለሙያ ስታገኙ ግን የምትጠይቁት ሌላ ነው። ወደ ባሕር የምንወጣባቸው መስመሮች ስንት ናቸው? ሁለቱ በአንድ ቦታ፣ በአንድ ጠባብ ባሕር ያልፋሉ ወይስ ተለያይተዋል? አንዱ ቢበጠስ ሌላው ስንቱን ጭነት ይሸከማል? የጥገና መርከብስ በጦርነት ቀጠና ውስጥ ገብቶ ለመጠገን ፈቃድ የሚያገኘው ከማን ነው? ኬብል ቆራጩም ይሁን የሚቆረጠው ኬብል ወሎ ውስጥ አይደለም፤ መስመሩ ሲቆም ግን የኮምቦልቻ ነጋዴም፣ ፈተና ያለበት ተማሪም አብረው ይቆማሉ።

ስላዳመጣችሁኝ አመሰግናለሁ። ጥያቄ ያለው እጁን ያውጣ።