ሽንኩርቱ እስኪቁላላ

ሰላም፣ እንዴት ከረማችሁ። ከድምፄ ኋላ ቸስስ የሚል ነገር ከተሰማችሁ ማይክሮፎኑ አልተበላሸም፤ ዛሬ የምቀዳው ማድ ቤት ሆኜ ነው። ሦስት ራስ ሽንኩርት በስሱ ከትፌ ጥጃለሁ፣ እሳቱ ለስለስ ያለ ነው። አጠገቤ የተገለጠው የምግብ መጽሐፍ ሽንኩርቱን ቡናማ እስኪሆን 5 ደቂቃ አቁላላ ይለኛል። እሺ፣ ሰዓት ይዣለሁ። እናያለን።

የማወራው እጅ ስለሚያሠሩ መጻሕፍት ነው። ምግብ ማብሰል፣ የጓሮ አትክልት፣ ከዚያ ደግሞ ያ የቤት ጥገናና የእንጨት ሥራ፣ "ባለሙያ ከምጠራ ራሴ ልሞክረው" የሚያሰኘን ጉድ። ከ30 በላይ አሉኝ። በእውነት የምገልጣቸው ግን 6 ወይ 7 ቢሆኑ ነው። የቀሩት ፎቷቸው ያምራል።

"የትኛውን ልግዛ?" ለምትሉኝ መልሴ አንድ ነው፦ መጀመሪያ የሽንኩርቱን ገጽ ግለጡ። ሽንኩርት አብዛኛው ውሃ ነው። ውሃው ሳይተን አይቀላም። ለስለስ ባለ እሳት ደህና ቡናማ እስኪሆን፣ ጣፋጭነቱ እስኪወጣ፣ ግማሽ ሰዓት ትንሹ ነው፤ ብዙ ጊዜ 45 ደቂቃ ይፈጃል። 5 ደቂቃ ብሎ የጻፈ ሰው ወይ ራሱ አላቁላላም፣ ወይ ገዢው እንዳይሸሽበት ፈርቷል። ሽንኩርት ላይ ከዋሸኝ ዳቦው ላይ ለምን ልመነው?

ይህን ፈተና ካለፉት አንዱ የምግብ ባለሙያዋ የሳሚን ኖስራት "ጨው፣ ስብ፣ አሲድ፣ እሳት" ነው፤ በ2017 ነው የወጣው፣ ዓመት ስጠራ ሁሌም በፈረንጅ አቆጣጠር ነው። የመጀመሪያው ገሚስ የምግብ ዝርዝር አይደለም፤ ትምህርት ነው። እኔ ድሮ ሾርባ ሠርቼ ስቀምሰው "የሆነ ነገር ጎድሎታል" ስል እጄ ቀጥታ ወደ ጨው ነበር የሚሄደው። እጨምራለሁ፣ እቀምሳለሁ፣ እጨምራለሁ፤ በመጨረሻ ይመርራል። ይህን መጽሐፍ ካነበብኩ በኋላ አንድ ቀን ጨውን ትቼ ግማሽ ሎሚ ጨመቅኩበት። ማንኪያውን አፌ ውስጥ እንደያዝኩ ቆሜ ቀረሁ። የጎደለው ጨው አልነበረም፣ አሲድ ነበር! ስንት ዓመት ሾርባ ሳበላሽ ኖሬያለሁ።

ሁለተኛው ወፍራሙ ነው፣ ከ800 ገጽ በላይ። ሃሮልድ መጊ በ1984 አወጣው፣ በ2004 ደግሞ እንደ አዲስ አሻሽሎ ጻፈው። የማብሰል ሳይንስ ነው፤ ከፊት ወደ ኋላ የሚነበብ አይደለም፣ ጥያቄ ሲኖራችሁ የምትሄዱበት ነው። ለምሳሌ ሥጋን መጀመሪያ በኃይለኛ እሳት ካቃጠላችሁት ጭማቂው ውስጡ ይቆለፋል ሲባል ሰምታችኋል አይደል? በ19ኛው ክፍለ ዘመን ያን ሐሳብ ያስፋፋው ጀርመናዊው ኬሚስት ዩስቱስ ፎን ሊቢግ ነው፣ ስህተትም ነው። መጥበሻው ላይ ቸስ የሚለው ድምፅ ራሱ እኮ ውሃው እየወጣ መሆኑን ነው የሚነግረን። ቃጠሎው ለጣዕም ይጠቅማል እንጂ የሚቆልፈው ነገር የለም።

ቆይ ላማስለው... 4 ደቂቃ ሆነ። ለስልሷል። ነጭ ነው።

ስለ መለኪያ አንድ ነገር ልበልና ልለፍ። ድሮ የምግብ መጻሕፍት "እንቁላል የሚያህል ቅቤ" ዓይነት ነበሩ። ልኩ ተስተካክሎ በተሞላ ኩባያና ማንኪያ መለካትን ያስለመደችው አሜሪካዊቷ ፋኒ ፋርመር ናት፣ በ1896 ባወጣችው መጽሐፍ። ችግሩ ኩባያው ራሱ አንድ አለመሆኑ ነው፦ የአሜሪካው 237 ሚሊ ሊትር ገደማ ነው፣ ሌላ ቦታ 250። የሾርባ ማንኪያ ብዙ አገር 15 ሚሊ ሊትር ሲሆን አውስትራሊያ ውስጥ 20 ነው። ስለዚህ ከመጽሐፉ በፊት ሚዛን ግዙ።

ወደ ጓሮ። ለጀማሪ የምሰጠው የሜል ባርቶሎሚውን መጽሐፍ ነው፣ 1981። ሰውየው መሐንዲስ ስለነበር አትክልቱንም እንደ መሐንዲስ ነው የሚያየው፦ ጎኑ 1.20 ሜትር የሆነ መደብ ውሰድ፣ 16 ቦታ ክፈለው፣ እያንዳንዱ 30 በ30 ሳንቲ ሜትር። በአንዱ ቤት 16 ካሮት፣ ወይም 9 ቀይ ሥር፣ ወይም 4 ሰላጣ፣ ወይም 1 ጥቅል ጎመን። በቃ። የመጀመሪያ ዓመቴ ላይ ፓኬቱን ሙሉ ዘር አንዴ በትኜ፣ ያን ሁሉ ችግኝ መንቀል አሳዝኖኝ ትቼው፣ የልጅ ጣት የማያህል ካሮት ለቅሜያለሁ። ያ የ16 ቁጥር ያኔ ቢደርሰኝ ኖሮ!

የአትክልት መጽሐፍ ግን የተጻፈበትን ሰማይ ይዞ ነው የሚመጣው። "በግንቦት ዝራ" ሲል እሱ ያለበት አገር ውርጭ አልፏል ማለቱ ነው እንጂ ግንቦት የሚባል ተአምር የለም። እዚህም ላይ ሽንኩርት ነው የሚያጋልጠው። ሽንኩርት ራስ የሚቋጥረው የቀኑን ርዝመት አይቶ ነው። አንዳንዱ ዝርያ ብርሃኑ ከ14 እስከ 16 ሰዓት ካልረዘመለት ቅጠል ብቻ ሆኖ ይቀራል፤ ሌላው ከ10 እስከ 12 ሰዓት ይበቃዋል። ከሰሜን ጫፍ የመጣ መጽሐፍ ያመሰገነውን ዘር ከምድር ወገብ አጠገብ ብትዘሩት አፈሩን ብታቀማጥሉት፣ ብታጠጡት፣ ራስ አይሰጣችሁም። ስለዚህ የአትክልት መጽሐፍ ስትመርጡ የሽንኩርቱን ገጽ ግለጡና ስለ ቀን ርዝመት ያነሳ እንደሆነ እዩ። ካላነሳ ሰውየው የጻፈው ለጎረቤቱ ነው።

እንግዲህ ሦስተኛው ዘርፍ፣ ማለትም የኔ ውርደት።

መደርደሪያ ልሰቅል ነበር፣ ለነዚሁ መጻሕፍት። የጥገና መጽሐፌ ስለ ብሎኬት ግድግዳ አንድ ገጽ ሙሉ ጽፏል፦ ውስጡ ክፍት ስለሆነ ትራፓኖውን እንደ መዶሻ እየመታ እንዲበሳ አታድርገው፣ የውስጡን ግድግዳ ያፈርሰዋል፤ ለክፍት ብሎኬት የተሠራ ፊሸር፣ ማለትም ብሎኑን ግድግዳው ውስጥ የሚይዘውን ቡሽ፣ ተጠቀም፤ ክብደቱን ቀድመህ አስላ። አንብቤዋለሁ። አስምሬበታለሁ እንኳ። ግን ምግብ ላይ "ቁጥሩን ተወው፣ ምልክቱን እይ" የሚለውን በጣም ወድጄው ስለነበር ግድግዳውንም በዓይን ልለካው አልኩ። በእጄ ገፋ ገፋ አደረግኩት፣ አልተነቃነቀም። ደረደርኩ። አንድ ሜትር ሙሉ መጽሐፍ 30 ኪሎ አካባቢ ሊመዝን ይችላል፤ መደርደሪያው ደግሞ ወደ ፊት በሰፋ መጠን የላይኛውን ብሎን እንደ ፈልቃቂ ይስበዋል።

ከሌሊቱ 8 ሰዓት ላይ ወረደ። ቤት የፈረሰ መስሎኝ ነው የዘለልኩት። መብራት ሳበራ ብሎኑ ከነፊሸሩ፣ ጫፉ ላይ የብሎኬት ፍርፋሪ እንደያዘ፣ እንደተነቀለ ጥርስ ከብረቱ ላይ ተንጠልጥሏል። የመጊ መጽሐፍ መሬት ላይ በግንባሩ ተደፍቷል።

ያን ሌሊት ፍርስራሹን ስጠርግ የገባኝ ነገር አለ። በመጽሐፍ ውስጥ የሚታጠፍ ገጽና የማይታጠፍ ገጽ አለ። ሽንኩርቱን በዓይን፣ ሾርባውን በምላስ። ግድግዳው ላይ ግን ቁጥሩ ቁጥር ነው። ኤሌክትሪክ ላይማ ይብሳል፦ በአሜሪካ ጥቁር ሽቦ ኤሌክትሪክ ያለበት ነው፣ በድሮው የእንግሊዝ አሠራር ደግሞ ጥቁሩ ኒውትራል፣ ማለትም የመመለሻው ሽቦ፣ ነበር። መጽሐፉ አልተሳሳተም፣ የሌላ አገር ነው፤ እናንተ ግን ትሞታላችሁ። የአገራችሁን ደንብ ያልተከተለ የኤሌክትሪክ መጽሐፍ ስጦታ ቢሆን እንኳ አትክፈቱት።

ምግብ ውስጥም የማይታጠፍ ገጽ አለ፣ እሱም በጠርሙስ አሽጎ ማቆየት ነው። የአያት ዘመን መጽሐፍ እወዳለሁ፣ ለዚህ ጉዳይ ግን አልነካውም። አሲዱ ዝቅተኛ የሆነ፣ ማለትም ፒኤች (የአሲድ መለኪያው፣ ቁጥሩ ሲያንስ አሲዱ ይበዛል) ከ4.6 በላይ የሆነ አትክልት በተራ የፈላ ውሃ ከታሸገ ቦቱሊዝም የሚባለውን ገዳይ የምግብ መመረዝ የሚያመጣው ባክቴሪያ ሊተርፍበት ይችላል፤ ለሱ በግፊት የሚሠራ ማሸጊያ ድስት ያስፈልጋል። ቲማቲም እንኳ ወሰኑ ላይ ስለሚዋልል ሎሚ ይጨመርበታል፦ የአሜሪካ ግብርና ሚኒስቴር መመሪያ ግማሽ ሊትር ገደማ ለሚይዝ ጠርሙስ 1 የሾርባ ማንኪያ ነው የሚለው፣ ያውም ፋብሪካ ያሸገው የሎሚ ጭማቂ፣ የአሲዱ ልክ ስለሚታወቅ። እዚህ ላይ "ለኔ ይበቃል" አይባልም።

ለእንጨት ሥራ ደግሞ የጣሊያናዊው ዲዛይነር ኤንዞ ማሪ ሥራ አለ፣ 1974። ጣውላ፣ ሚስማር፣ መዶሻ፤ ጠረጴዛ፣ አልጋ፣ ወንበር፣ በጠቅላላ 19 ንድፍ። የፖስታ ወጪ ለላከለት ሰው በነፃ ነበር የሚሰጠው። ውበት አትጠብቁ። እኔ ጠረጴዛውን ሠርቻለሁ፣ አንድ እግሩ የተጣጠፈ ካርቶን ላይ ነው የቆመው፣ ግን ሰያፍ የተመታው ጣውላ ለምን እንደሚያስፈልግ ያወቅኩት ያን ጣውላ ረስቼ ጠረጴዛው እንደ ሰካራም ሲወዛወዝብኝ ነው።

መደርደሪያው አሁን ተሰቅሏል፣ በትክክለኛው ፊሸር። መጊን ግን መሬት ላይ ነው ያስቀመጥኩት፣ አልዋሽም።

ሽንኩርቱን ልየው። 11 ደቂቃ። ዳር ዳሩ ትንሽ ቢጫ ቢጤ ጀምሯል፣ መሐሉ ገና ነጭ ነው። መጽሐፉ እንደሚለው ከሆነ በልተን ከጨረስን 6 ደቂቃ አልፎናል። እኔ ገና እዚህ ነኝ፣ እናንተ ሂዱ። ቻው።