ለደከመው አፈራችን ኦቾሎኒ፦ የዓመታዊ ጉባኤ የመክፈቻ ንግግር

የተከበራችሁ የማኅበራችን አባላት፣ ውድ ጎረቤቶቼ፣ ልጆቻችሁን ይዛችሁ የመጣችሁ እናቶችና አባቶች፤ እንኳን ለዓመታዊ ጉባኤያችን በሰላም አደረሳችሁ።

ባለፉት ወራት የብዙዎቻችሁን በረንዳ ዞሬ አይቻለሁ። ቆስጣው፣ ቃሪያው፣ በሶብላው፣ ጤና አዳሙ ሁሉም አለ። በየቤቱ የሰማሁት እሮሮ ግን አንድ ነው፦ «መጀመሪያ ዓመት እንዲህ አልነበረም፤ አሁን ቅጠሉ ቢጫ ይሆንብኛል፣ አላድግም ይለኛል።» እውነታችሁን ነው። አንድ ባልዲ አፈር ላይ ቆስጣ ዓመት ከዓመት ሲመላለስበት አፈሩ ይደክማል። ገበሬው ይህን ድሮም ያውቃል፤ ጤፍና ስንዴ የቆየበትን ማሳ ባቄላ ወይም ሽምብራ ዘርቶ ያሳርፈዋል። እኛ በረንዳ ላይ ወጣንና ረሳነው። አፈሩን ደፍተን ሌላ ጆንያ እንገዛለን። ያን ጆንያ አራተኛ ፎቅ ድረስ መሸከም ምን እንደሆነ ለእናንተ አልነግራችሁም።

ስለዚህ ዛሬ አንድ ሐሳብ ይዤ መጥቻለሁ። ዘንድሮ እያንዳንዳችን ከደከሙት ባልዲዎቻችን ሁለቱን ኦቾሎኒ እንዝራባቸው።

ኦቾሎኒ፣ ካፌ ስንገባ ለውዝ የምንለው ማለት ነው፣ የባቄላና የአተር ዘመድ ነው። ሥሩ ላይ ትንንሽ እባጮች ያወጣል። እዚያ ውስጥ የሚኖሩ ባክቴሪያዎች ከአየር ናይትሮጅን የሚባለውን የተክል ምግብ ወስደው ተክሉን ይመግቡታል። እባጩን በጥፍራችሁ ስትሰነጥቁት ውስጡ ቀላ ካለ ሥራ ላይ ነው። የተገዛ አፈር ላይ እነዚህ ባክቴሪያዎች ላይኖሩ ይችላሉ፤ የባቄላው ደግሞ ለኦቾሎኒ አይሆነውም። ከዚህ በፊት ኦቾሎኒ የበቀለበት አፈር ያለው ሰው ለጎረቤቱ አንድ እፍኝ ቢያካፍል ትልቅ ውለታ ነው። ዩሪያ አትጨምሩ፤ ናይትሮጅን ተዘጋጅቶ ከቀረበለት ተክሉ ከባክቴሪያው ጋር መሥራቱን ይቀንሳል፣ ቅጠል ብቻ ይሆናል። ደግሞም አብዛኛውን ናይትሮጅን ፍሬው ይዞት ይሄዳል። ለአፈሩ የሚተርፍለት ግንዱንና ቅጠሉን ቆራርጠን መልሰን ስንቀብርለት ነው። ከነቀላችሁ በኋላ ወደ ቆሻሻ ገንዳ እንዳትወስዱት አደራ።

እኔ በመጀመሪያው ዓመት ተሳስቻለሁ። ረጅምና ጠባብ ፖት ውስጥ ዘራሁት፤ ላዩን ደግሞ እንዲያምር ብዬ ነጭ ጠጠር አለበስኩት። በስድስተኛው ሳምንት ገደማ ቢጫ አበባ አወጣ። ጠዋት ይፈካል፣ ከሰዓት ይጠወልጋል፤ ፍሬ ግን የለም። ቆየት ብሎ አበባው ከነበረበት ቦታ መርፌ የመሰለ፣ ጫፉ ወይን ጠጅ የሆነ ቀጭን ነገር ብቅ አለና ወደ ታች ይወርድ ጀመር። በሽታ መሰለኝ። ልነቅለው ስል ኦቾሎኒ በሚዘራባት ባቢሌ ተወልደው ያደጉ አንዲት እናት ደረሱ። «ተይው ልጄ፤ የሚያፈራው እዚያ ጫፉ ላይ ነው። አፈር እየፈለገ ነው» አሉኝና ጎንበስ ብለው ጠጠሩን በጣታቸው ገለጥ ገለጥ አደረጉት። ለጥቂቱ ደረስንለት። ከፖቱ ጠርዝ አልፈው አየር ላይ የተንጠለጠሉት ግን እንደ ክር ደርቀው ቀሩ። የነቀልኩት 11 ፍሬ ነበር።

ያን ቀን የገባኝ ይህ ነው። ኦቾሎኒ አበባው ከምድር በላይ፣ ፍሬው ከምድር በታች ነው። አበባው ራሱን በራሱ ካዳቀለ በኋላ ያ መርፌ ፍሬውን ጫፉ ላይ ይዞ አፈር ውስጥ ይገባል፤ ፍሬው የሚያብጠው ጨለማ ውስጥ ሲደርስ ብቻ ነው። ለእኛ ማሳው የባልዲው አፍ ነው። ስለዚህ ከጥልቀቱ ይልቅ ስፋቱን እዩ። 20 ሊትር የሚይዝ የቀለም ባልዲ፣ ወይም በቁመቱ የተቀደደ ጄሪካን፣ ሥሩ ተበስቶ፣ አንድ ወይም ሁለት ተክል ይበቃዋል። አፈሩ አሸዋና በደንብ የበሰበሰ ኮምፖስት ተቀላቅሎበት ልል ይሁን። አበባው ሲጀምር ላዩን ቀስ ብላችሁ ኮትኩቱ፣ ግንዱ ሥር አፈር አስታቅፉት፤ መርፌዎቹ ከገቡ በኋላ ግን እጃችሁን አታስገቡበት።

አንድ ነገር ልጨምር፣ ብዙ ሰው አያውቀውምና። ፍሬው ካልሲየም የሚያገኘው በሥሩ በኩል ሳይሆን በራሱ ቅርፊት፣ ከከበበው አፈር ነው። ካልሲየም ካጣ ቅርፊቱ ያድግና ውስጡ ባዶ ይሆናል። የእንቁላል ቅርፊት የምትጥሉ ከዛሬ ጀምሮ አድርቁት፣ እንደ ዱቄት ውቀጡት፣ ከመዝራታችሁ በፊት ከላይኛው አፈር ጋር ቀላቅሉት። ቀስ ብሎ ስለሚሟሟ አበባ ላይ ሲደርስ ብትጨምሩት ይዘገያል።

ዘሩ ጥሬ ይሁን፤ የተቆላ አይበቅልም። ቅርፊቱን በምትዘሩበት ቀን ፈልፍሉ፣ ቀዩ ስስ ልባሱ እንዳይላጥ ተጠንቀቁ፣ 4 ሴንቲ ሜትር ያህል ቅበሩት።

ኦቾሎኒ ሙቀት ወዳድ ነው። ባቢሌና ጉርሱም የሚስማማው ለዚያ ነው፤ አዲስ አበባ ደግሞ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት። ሞቃት አገር ከ3 እስከ 4 ወር የሚፈጅበት እኛ ዘንድ 5 ወርና ከዚያ በላይ ሊወስድ ይችላል። በየካቲት መጨረሻ እንዝራ፣ ፀሐይ ቀኑን ሙሉ የሚያገኘው ግድግዳ ሥር እናስቀምጥ፣ ክረምት ሲገባ ዝናብ የማይመታው ቦታ እናስጠጋው። ቅጠሉ ቢጫ መሆን ሲጀምር አንድ ፍሬ አውጥታችሁ ስበሩ። የቅርፊቱ ውስጥ ከጠቆረ ደርሷል።

የምፈራው ከዚያ በኋላ ያለውን ነው። ነቀላው ሐምሌና ነሐሴ ላይ ይወድቃል፤ እርጥብ ኦቾሎኒ ደግሞ ይሻግታል። እ.ኤ.አ. በ1960 እንግሊዝ አገር ከ100,000 በላይ የተርኪ ጫጩቶች አልቀው ምክንያቱ ሲፈለግ፣ መኗቸው ውስጥ የነበረው የሻገተ ኦቾሎኒ ሆኖ ተገኘ። አፍላቶክሲን የሚባለው መርዝ የታወቀው በዚያ ሳቢያ ነው። ጉበት ይጎዳል፤ መቁላትም ሙሉ በሙሉ አያጠፋውም። ስለዚህ ከነቀላችሁ በኋላ ቤት ውስጥ ነፋስ በሚያገኘው ቦታ ሥሩን ወደ ላይ አድርጋችሁ ስቀሉት፣ ስትነቀንቁት እስኪንኳኳ ጠብቁ። የሻገተ፣ የተሸበሸበ ወይም መራራ ፍሬ ካገኛችሁ ሳትሳሱ ጣሉት፤ በተለይ ለልጆች አትስጡ።

ከአንድ ባልዲ የምታገኙት እፍኝ ሁለት እፍኝ ነው፤ ለገበያ የሚሆን አይደለም። እኔ ግን ባለፈው ዓመት ኦቾሎኒ ከነቀልኩበት ባልዲ ላይ አሁን ቆስጣ አለኝ። ቅጠሉ ጥቁር አረንጓዴ ነው፤ መጥታችሁ እዩት፣ በሬ ክፍት ነው።

በር አጠገብ ባለው ጠረጴዛ ላይ ከነቅርፊቱ ያለ፣ ከባቢሌ የመጣ ጥሬ ኦቾሎኒ ተቀምጧል። ስትወጡ ለሁለት ባልዲ የሚበቃችሁን ውሰዱ። ልጆቹ ራሳቸው ይቁጠሩት። ሚያዝያ ላይ አበባውን ለማየት እንደገና በየቤታችሁ እዞራለሁ።

ጉባኤያችን ተከፍቷል። የዓመቱን የሒሳብ ሪፖርት እንዲያሰሙን ገንዘብ ያዣችንን በአክብሮት እጋብዛለሁ።