መኪናው ባይነሳስ? ቤተሰብ ይዞ በረሃ ከማደር በፊት

[ምስል፦ ጎህ ሲቀድ፣ አሸዋ መሃል የተተከለ አንድ ድንኳን]

በረሃ ማደር ደስ ይላል። ኮከቡ እላያችሁ ላይ ሊረግፍ የደረሰ ይመስላል። ዝምታው ጆሮ ላይ ጭው ይላል። ልጆች ስልካቸውን ረስተው ሰማይ ሰማይ ሲያዩ የመንገዱ ድካም ይረሳል። ግን በሰላም ሄዶ በሰላም ለመመለስ ትልቁ ሥራ የሚያልቀው ቤት ውስጥ ነው።

እኔ ዕቅድ ስይዝ የምነሳው ከአንድ ጥያቄ ነው። የመጨረሻው ቀን ጠዋት ዕቃ ተጭኗል፣ ልጆቹ ገብተዋል፣ ቁልፉን አዞራለሁ። መኪናው ባይነሳስ? ሰው እስኪደርስልን ስንት ቀን መቆየት እንችላለን?

[ምስል፦ በር ላይ የተደረደሩ ስድስት ጄሪካኖች]

መልሱ ያለው ውሃው ላይ ነው። በሙቀት ቦታ አንድ ሰው ለመጠጥ ብቻ በቀን 4 ሊትር ገደማ ያስፈልገዋል። ለማብሰያና ለመታጠቢያ ጨምራችሁ 6 ሊትር ያዙ። እስቲ እናስላው። አራት ሰው ለሦስት ቀን፣ 72 ሊትር። መኪናው እምቢ ላለበት ሁለት ቀን ደግሞ 48 ሊትር። ድምሩ 120 ሊትር ነው፤ ባለ 20 ሊትር ጄሪካን ስድስት። ክብደቱም 120 ኪሎ ነው፤ ሁለት ትልልቅ ሰዎች ጨምራችሁ ጫናችሁ ማለት ነው።

ይሄ ሁሉ አይጫንም ካላችሁ የሚቀነሰው ቀኑ ነው። ውሃው አይነካም። ጣሪያ ላይም አትጫኑት፤ መኪናው ከላይ ከከበደ ተዳፋት ላይ የመገልበጥ አደጋው ይጨምራል። ወለሉ ላይ አድርጋችሁ በገመድ ጠፍሩት።

አንድ ጊዜ፣ ለመጫን ይቀለኛል ብዬ ውሃውን በሙሉ ማለት ይቻላል አንድ ትልቅ በርሜል ውስጥ አደረግሁት። ኮረኮንቹ ላይ ክዳኑ ላላ። ማታ ዕቃ ላወርድ ስገባ የመኪናው ምንጣፍ እግሬ ሥር ጨቅ ጨቅ ይላል። በርሜሉን መታ ባደርገው ባዶ ነው። በማግስቱ ጠዋት ድንኳን ነቅለን ተመለስን፤ ልጆቹ እስከዛሬ ያነሱብኛል። ከዚያ ወዲህ ውሃ ከፋፍዬ ነው የምይዘው። ከመጫኔ በፊት እያንዳንዱን ጄሪካን ደረቅ ካርቶን ላይ ዘቅዝቄ ሩብ ሰዓት አቆየዋለሁ። ካርቶኑ ከረጠበ ያ ጄሪካን ቤት ይቀራል።

ልጆች ጠማኝ እስኪሉ አትጠብቁ። አየሩ ደረቅ ስለሆነ ላቡ ወዲያው ይተናል፤ ሰውነታቸው ደረቅ ስለሆነ ያላላባቸው ይመስላችኋል። ሽንታቸው ጠቆር ያለ ቢጫ ከሆነ ውሃ አንሷቸዋል። ውሃ ብቻ መጋትም አይበቃም፣ ላብ ጨውም ይዞ ነው የሚወጣው። ጨው ያለው ምግብ አብሉ፣ ሕይወት አድን ንጥረ ነገር በፓኬት ያዙ። አንድ ሰው በሙቀቱ መሃል መቀባጠር ወይም መንገዳገድ ከጀመረ ለደቂቃ እንኳ ቀልድ አይደለም። ጥላ ውስጥ አስገቡት፣ ልብሱን አውልቁ፣ ሰውነቱን በውሃ እያራሳችሁ አራግቡለት፣ ሕክምና ጥሩለት።

ወቅቱን በተመለከተ ብዙ ክርክር የለውም። ቀዝቃዛዎቹን ወራት ምረጡ። ኮከብ ለማየት ከሆነ የምትሄዱት፣ ጨረቃ የማትወጣበትን ሳምንት ፈልጉ።

[ምስል፦ ሰፊ፣ ለጥ ያለ ደረቅ ወንዝ]

አሁን ይሄን ቦታ እዩት። ሜዳ ነው፣ አሸዋው ለስላሳ ነው፣ ዳርና ዳሩ ከነፋስ ይከልላል። ድንኳን ለመትከል ያጓጓል። እዚህ ግን አትተኙ! ደረቅ ወንዝ ነው። እናንተ ያላችሁበት ሰማይ ጥርት ብሎ ሳለ፣ ዝናቡ ሩቅ ተራራ ላይ ወርዶ ጎርፉ ሌሊት ሊመጣ ይችላል። ምልክቱን ልንገራችሁ። ቁጥቋጦው ላይ ቀና ብላችሁ ተመልከቱ። ጭራሮና ደረቅ ሣር ተንጠልጥሎ ካያችሁ፣ ያን ነፋስ አይደለም የሰቀለው። ያለፈው ጎርፍ እስከዚያ ደርሶ ነበር ማለት ነው። ከፍ ያለ ቦታ ፈልጉ። ለዚህም ፀሐይ ከመጥለቋ ሁለት ሰዓት ቀድማችሁ ድረሱ፣ በጨለማ የተመረጠ ቦታ ሁሌም ሜዳ ነው የሚመስለው።

የድንኳን ካስማ አሸዋ ውስጥ አይዝም። ከረጢት አሸዋ ሙሉና ገመዱን አስራችሁበት ጉልበት ድረስ ቅበሩት። ያኔ ነፋሱ ይሞክረው።

ቀን 40 ዲግሪ የነበረ ቦታ ሌሊት ከ10 ዲግሪ በታች ሊወርድ ይችላል። ደረቅ አየር ሙቀት አይዝም። ስለዚህ ሹራብ፣ ካልሲ፣ ኮፍያ ያዙ፤ በረሃ ምን ብርድ አለው ብሎ የሚከራከራችሁ ካለ የእሱንም ደርባችሁ ያዙለት። የድንኳኑ ዚፕ ሁሌ ይዘጋ። ጠዋት ጫማ ከማድረግ በፊት ገልብጦ ማራገፍ ለልጆች ሕግ ይሁን፤ ጊንጥ ጨለማና ሙቅ ቦታ ይወዳል። አልትራቫዮሌት የሚያበራ ትንሽ ባትሪ ካላችሁ ደግሞ ማታ ዙሪያውን አብሩ። ጊንጥ በዚያ ብርሃን ወደ አረንጓዴ ያደላ ቀለም ያበራል። ልጆቼ ከኮከቡ እኩል የሚወዱት ይሄንን ነው። ከሩቅ ነው ታዲያ።

[ምስል፦ አሸዋ ውስጥ ግማሽ የሰመጠ ጎማ]

አሸዋ ላይ ስትገቡ የጎማውን አየር ቀንሱ። ጎማው ሲላላ ሰፋ ብሎ ይተኛል፣ በቀላሉ አይሰምጥም። አስፋልት ላይ ከመውጣታችሁ በፊት ግን መልሳችሁ ንፉ፤ ስለዚህ ኮምፕረሰር የግድ ነው። ስኮርታ፣ ክሪክ፣ አካፋ፣ መጎተቻ ገመድ አትርሱ። ክሪኩ አሸዋ ውስጥ እንዳይሰምጥ ከሥሩ የሚነጠፍ ጣውላም ያዙ። ነዳጁ ደግሞ አሸዋ ላይ ከአስፋልት በጣም ይበልጣል፤ በተለመደው ሒሳብ አትሂዱ።

መኪናው በእርግጥም ባይነሳ፣ ከመኪናው አትራቁ። ከሰው ይልቅ መኪና ከሩቅ ይታያል። ቀን ግን ውስጡ ምድጃ ነው፤ ሸራ ወጥራችሁ ጥላው ሥር ተቀመጡ። ለእያንዳንዱ ልጅ አንገቱ ላይ ፊሽካ እሰሩለት። ከጠፋ ሳይሮጥ እዚያው ጥላ ፈልጎ ይቀመጥ፣ ሦስት ሦስት ጊዜ ይንፋ። ቤት እያላችሁ አለማምዱት፣ ጎረቤት ይማረራል እንጂ።

ኔትወርክ እንደማይኖር ቁጠሩት። ካርታውን አስቀድማችሁ አውርዱ፣ የወረቀት ካርታም ጨምሩ። የሳተላይት ስልክ ማግኘት ከቻላችሁ በጣም ጥሩ።

[ምስል፦ በእጅ የተጻፈ ወረቀት]

ከሁሉ ርካሹ ነገር ይሄ ወረቀት ነው። የምትሄዱበት መንገድ፣ የምታድሩበት ቦታ፣ የመኪናው ቀለምና ታርጋ፣ የምትመለሱበት ቀን፣ ከስንት ሰዓት በኋላ ፍለጋ ይጀመር የሚለው ተጽፎበት ለምታምኑት ሰው ይሰጣል። መንገድ ከቀየራችሁ ንገሩት። ስትመለሱ ደግሞ ኔትወርክ እንደገባላችሁ መጀመሪያ ለእሱ ደውሉ። አለበለዚያ እናንተ ወደ ቤት፣ ፈላጊዎቹ ወደ በረሃ፣ መንገድ ላይ ትተላለፋላችሁ።