ዝም ብሎ የሚገለበጥ ቀን

ጤና ይስጥልኝ፣ እንዴት ሰነበታችሁ? ዛሬ ብቻዬን ነኝ። የሜክሲኮ አደባባይ ክላክስ አልፎ አልፎ ከገባባችሁ ታገሱኝ።

ዳታቤዝ ከቴስት (መሞከሪያ) ሰርቨር ወደ ዋናው ስናዛውር ሁላችንም ኤረር እንፈራለን። እኔን ግን የሚያስጨንቀኝ ኤረር የማይሰጠው ስህተት ነው፤ በተለይ የቀን።

03/04/2024ን ውሰዱ። አንዱ ሰርቨር ማርች 4 ብሎ ያነበዋል፣ ሌላው ኤፕሪል 3። ሁለቱም ያሉ ቀኖች ናቸው፤ ማንም አይጮህም። 25/04 ቢሆን 25ኛ ወር ስለሌለ ወዲያው ይታወቅ ነበር። አስሉት፤ በዓመት 132 ቀናት እንዲህ ሳይታወቅ ይገለበጣሉ። ከሲሶ በላይ ነው! የሰው የብድር መክፈያ ቀን፣ የሕፃን የክትባት ቀጠሮ እዚያ ውስጥ ሊሆን ይችላል።

እንደ ጽሑፍ ሳይሆን ዳታቤዙ ለቀን ባዘጋጀው የዳታ ዓይነት የተቀመጠ ቀን በራሱ ፎርማት የለውም። ጣጣው የሚመጣው ጽሑፍ ወደ ቀን ሲቀየር ነው። ኤስኪውኤል ሰርቨር በሚባለው የዳታቤዝ ሶፍትዌር ላይ ይህን በዲፎልት (እኛ ካልቀየርነው) የሚወስነው የሎግኢኑ፣ ማለትም የምንገባበት አካውንት፣ ቋንቋ ነው። ሎግኢን ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ የሰርቨሩ ነው፤ የዳታቤዙ ባክአፕ ይዞት አይሄድም። ባክአፑን አዲሱ ሰርቨር ላይ ሪስቶር ታደርጋላችሁ፤ ዳታው ያው፣ ኮዱ ያው፣ ቀኑ ሌላ። ኦራክል በሚባለው ሌላው የዳታቤዝ ሶፍትዌር ላይ ደግሞ የላፕቶፓችሁ ሴቲንግ የሰርቨሩን ሊሽረው ይችላል። "እኔ ጋ እኮ ይሠራል" የሚባለው አንዳንዴ ከዚህ ነው።

እኛ አገር ሌላም አለ። ቀኑን በኢትዮጵያ አቆጣጠር፣ እንደ ጽሑፍ የሚመዘግቡ አሉ። ጥቅምት 30 በቁጥር 30/02 ነው፤ ፌብሩዋሪ 30 ስለሌለው ይወድቃል። ቀኑን ከወሩ አስቀድሞ በሚያነብ ሰርቨር ላይ ጳጉሜንም በ13ኛ ወርነቷ ትወድቃለች። እሰየው ነው። እዚያው ሰርቨር ላይ ጥቅምት 20 ቀን 2016 ግን ፌብሩዋሪ 20 ቀን 2016 ሆና ሰተት ብላ ትገባለች፤ ሰባት ዓመት ከምናምን ወደ ኋላ።

እና እባካችሁ፣ ዲፎልት ላይ አትደገፉ። ኤስኪውኤል ሰርቨር ላይ 20240403 ብላችሁ ጻፉ፤ በየትኛውም ቋንቋ አንድ ነው። በሰረዝ የተጻፈው 2024-04-03 እንኳን ዴትታይም በሚባለው የድሮ የቀን ዓይነት ላይ፣ የሎግኢኑ ቋንቋ የብሪታንያ እንግሊዝኛ ከሆነ ይገለበጣል። ኦራክል ላይ ጽሑፉን ስትቀይሩ ፎርማቱን አብራችሁ ስጡት።

ከመዛወሩ በፊት ደግሞ 03/04/2024ን በሁለቱም ሰርቨር፣ አፕሊኬሽኑ በሚጠቀምበት ሎግኢን ገብታችሁ ወደ ቀን ቀይሩት። ወሩን በስም እንዲያወጣላችሁ አድርጉ። አንዱ ማርች፣ ሌላው ኤፕሪል ካለ ሥራውን አቁሙና መጀመሪያ ሎግኢኑን እዩ።