ደጋፊ በዚፕ ኮድ አይሸነሸንም

የተከበራችሁ ወላጆች፣ ከፖቶማክ ማዶ ከአሌክሳንድሪያና ከአርሊንግተን የመጣችሁ ወገኖች፣ እዚሁ ሲልቨር ስፕሪንግ ያላችሁ ጎረቤቶች፣ እንዲሁም ከኋላ ረድፍ ግማሻችሁ ብርቱካናማ ግማሻችሁ ቀይ ኮፍያ ደፍታችሁ የምትጎነታተሉ ልጆች፤ እንደምን አመሻችሁ።

አዘጋጆቹ የሰጡኝ ርእስ የሁለቱን የቤዝቦል ቡድኖች፣ የባልቲሞር ኦርዮልስንና የዋሽንግተን ናሽናልስን፣ ደጋፊዎች ስለማቀራረብ ነው። ርእሱን አከብራለሁ፤ ችግሩ ግን እዚያ አይደለም። አባት ኦርዮልስ፣ ልጅ ናሽናልስ ሆነው አንድ ሶፋ ላይ የሚቀመጡበት ቤት በዚህ አዳራሽ ውስጥ ስንት እንዳለ እናንተው ታውቁታላችሁ። ሲቀላለዱ ያመሻሉ እንጂ አልተራራቁም። የሚያስቸግረው፣ ከሶፋው ፊት ለፊት ባለው ቴሌቪዥን ማን ምን ያያል የሚለውን በውል ተከፋፍሎ የያዘው ወገን ነው። ንግግሬ ስለዚያ ነው። ዓመቱን ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የምጠራው።

ነገሩን ከሥሩ እንያዘው። ዋሽንግተን ከ1901 ጀምሮ ሴናተርስ የሚባል ቡድን ነበራት፤ በ1924 ታላቁን ወርዋሪ ዋልተር ጆንሰንን ይዛ ወርልድ ሲሪስ የተባለውን የቤዝቦል ሻምፒዮና ዋንጫ በልታለች። ባልቲሞር ኦርዮልስን ያገኘችው በ1954 ነው፤ የሴንት ሉዊስ ብራውንስ የተባለው ቡድን መጥቶ ስሙን ሲቀይር። ከዚያ የ1960 ውድድር እንዳለቀ የዋሽንግተኑ ባለቤት ቡድኑን ጠቅልሎ ሚኒሶታ ገባ፤ ዛሬ ትዊንስ የምንለው ያ ነው። ሊጉ በ1961 በዚያው በሴናተርስ ስም አዲስ ቡድን ተከለ። እሱም ዐሥራ አንድ ዓመት ተጫውቶ ቴክሳስ ሄደና ሬንጀርስ ተባለ። ሚኒያፖሊስና ዳላስ ዘመድ ያላችሁ፣ ዘመዶቻችሁ እዚያ የሚደግፉት ቡድን ከእናንተ ሰፈር የሄደ መሆኑን ንገሯቸው።

የሁለተኛው ሴናተርስ አወጣጥ እንዴት እንደነበር ልጆቹ ሊሰሙት ይገባል። ቀኑ ሴፕቴምበር 30፣ 1971 ነው። ቦታው አርኤፍኬ ስታዲየም፣ ተጋጣሚው ኒው ዮርክ ያንኪስ። ቡድኑ ሊሄድ መሆኑን ሁሉም ያውቃል፤ የመጣው ሰው ለስንብት ነው። ባለቤቱን ቦብ ሾርትን የሚሳደቡ ጨርቆች ተሰቅለዋል። በስድስተኛው ኢኒንግ፣ ማለትም ዙር፣ የሴናተርሱ ግዙፍ መቺ ፍራንክ ሃዋርድ ኳሷን ከአጥር ውጭ አውጥቶ ሆም ረን መታ፤ ሰዉ ቆሞ አጨበጨበለት። ዘጠነኛው ኢኒንግ ላይ ዋሽንግተን 7 ለ 5 እየመራ ነው። ሁለት የያንኪስ ሰው አውት ሆኖ ወጥቷል። ጨዋታው እንዲያልቅ አንድ አውት ብቻ ቀረ። ያኔ ሕዝቡ አጥር ዘሎ ሜዳ ገባ! ሯጮች የሚረግጡትን ትራስ፣ ቤዝ የሚነቅለው ቤዝ ነቀለ፣ ሣር የሚቦጭቀው ቦጨቀ፣ ከውጤት ሰሌዳው ላይ ፊደልና ቁጥር የሚገነጥለው ገነጠለ። ዳኞቹ ጨዋታው አይቀጥልም ብለው ለያንኪስ በፎርፌ ሰጡ፤ 9 ለ 0። ዘጠኝ የሆነው በሕጉ ለእያንዳንዱ ኢኒንግ አንድ ነጥብ ስለሚታሰብ ነው። ሲመራ ያመሸው ቡድን በመዝገብ ተሸናፊ ሆኖ ከተማዋን ለቀቀ። ያን ምሽት ቤዝ በብብቱ ይዞ የወጣ ሰው ከዚያ ክለብ የደረሰው ድርሻ እሱ ብቻ ነው።

ከዚያ በኋላ ዋሽንግተን 33 የውድድር ዘመን ያለ ቡድን ኖረች። ቤዝቦል የወደደ ሰው ወደ ሰሜን ነዳ። በ1979 ኤድዋርድ ቤኔት ዊልያምስ የተባለ ታዋቂ የዋሽንግተን ጠበቃ ኦርዮልስን ገዛ፤ በ1983 ዋንጫ መጣ። በ1992 የኦርዮልስ ስታዲየም ካምደን ያርድስ ተከፈተ። በ1995 የኦርዮልሱ ካል ሪፕከን 2,131ኛ ተከታታይ ጨዋታውን ተጫውቶ አይደፈርም የተባለውን ክብረ ወሰን ሰበረ። በእነዚያ ዓመታት ወደዚህ የመጣችሁ ወላጆች ኦርዮልስ የሆናችሁት ማን ሌላ ነበረና ነው? አንድ ነገር ደግሞ ልብ በሉ። ከ1973 እስከ 2008 ኦርዮልስ ከሜዳው ውጭ ሲጫወት ማልያው ላይ ባልቲሞር የሚል ጽሑፍ አልነበረም። በ2009 ተመለሰ። ዋሽንግተን የራሷ ቡድን ሳይኖራት የባልቲሞርን ስም ዋጡት፤ ቡድን ካገኘች በኋላ ደረታቸው ላይ ለጠፉት። ትርጉሙን ለእናንተ ትቼዋለሁ፤ እኔ ግን ገብቶኛል።

አሁን ወደ ዋናው ቅሬታ ልምጣ። በ2004 የሞንትሪያል ኤክስፖስ ወደ ዋሽንግተን እንዲዛወር ተወሰነ፤ ዛሬ ናሽናልስ የምንለው ያ ነው። ከ1993 ጀምሮ የኦርዮልስ ባለቤት የነበሩት ፒተር አንጀሎስ አጥብቀው ተቃወሙ፤ ገበያዬ ይቆረሳል አሉ። ሊጉ፣ ሜጀር ሊግ ቤዝቦል (ኤምኤልቢ)፣ እሳቸውን ለማባበል በ2005 አንድ ውል ፈጠረ። ሚድ-አትላንቲክ ስፖርትስ ኔትወርክ፣ በአጭሩ ማሲን፣ የሁለቱንም ቡድኖች ጨዋታ የሚያሳይ ጣቢያ ሆነ። ድርሻው ግን 90 በመቶ የኦርዮልስ፣ 10 በመቶ የናሽናልስ። የናሽናልስ ድርሻ እያደር በዓመት አንድ አንድ በመቶ እየጨመረ 33 ላይ እንዲቆም ተጻፈ። ስታዲየማቸው 60 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚራራቁ ሁለት ተፎካካሪዎች፣ የአንዱ የቴሌቪዥን ገቢ በሌላው ኪስ በኩል እንዲያልፍ ተደረገ ማለት ነው።

አሠራሩን ላስረዳ፤ ጠቡ የተወለደው ከዚህ ነውና። ማሲን እስከ 2025 ለሁለቱም ቡድኖች የሚከፍለው የስርጭት መብት ክፍያ እኩል ነበር። ከክፍያው በኋላ የሚተርፈው ትርፍ ግን በድርሻ ይከፈል ነበር። ስለዚህ ክፍያው ዝቅ ባለ ቁጥር ትርፉ ያብጥ፣ ካበጠው ትርፍ አብዛኛው ወደ ባልቲሞር ይሄድ ነበር። ክፍያው ከፍ ሲል ደግሞ ትርፉ ይሟሽሽና ናሽናልስ ይጠቀም ነበር። ውሉ ክፍያው በየአምስት ዓመቱ በትክክለኛ የገበያ ዋጋ ይስተካከል ይል ነበር። የማን ገበያ? በማን ሚዛን? ከ2012 እስከ 2016 ላለው ጊዜ ናሽናልስ በዓመት ወደ 118 ሚሊዮን ዶላር ጠየቀ። ማሲን ያቀረበው 40 ሚሊዮን እንኳ አይሞላም። የሊጉ ሦስት ሰዎች ያሉበት ኮሚቴ በ2014 ለአምስቱ ዓመት 298 ሚሊዮን ገደማ ወሰነ። በ2015 የኒው ዮርክ ዳኛ ውሳኔውን ሻሩት፤ የናሽናልስ ጠበቃ የሆነው ድርጅት በሌላ ጉዳይ ለሊጉም ይሠራ ነበርና። በ2019 ሌላ ኮሚቴ ተሰየመ። ስንት ወሰነ መሰላችሁ? 296.8 ሚሊዮን! ከአንድ ሚሊዮን ትንሽ ለሚበልጥ ልዩነት አምስት ዓመት። ክርክሩ ከዚያም ቀጥሎ በ2023 የኒው ዮርክ ከፍተኛው ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት ደረሰ። በ2024 ኦርዮልስን ዴቪድ ሩበንስታይን የሚመሩት የባለሀብቶች ስብስብ በ1.725 ቢሊዮን ዶላር ገዛው። በማርች 2025 ተስማሙ፤ ናሽናልስ ከ2025 ውድድር በኋላ ከማሲን ወጥቶ የፈለገበት እንዲሄድ ተፈቀደለት።

በዚያ ሁሉ ወረቀት ውስጥ ደጋፊ የሚለው ቃል የተነሣው እንደ ንብረት ብቻ ነው። ይህን ያህል ቤት፣ ይህን ያህል ኬብል፣ ይህን ያህል ዶላር። የኬብል ኩባንያው ኮምካስትና ማሲን በ2005 ሲጣሉ፣ ከ33 ዓመት በኋላ ቡድን ያገኘው የዋሽንግተን ሰው እስከ 2006 ኦገስት አብዛኛውን ጨዋታ ቤቱ ሆኖ ማየት አልቻለም። ማን ይቅርታ ጠየቀው? ማንም!

አዲስ አበባ ላይ ጊዮርጊስና ቡና አንድ ስታዲየም ተጋርተው ኖረዋል። የመርካቶ ልጅ የዚህ ነው፣ የቦሌ ልጅ የዚያ ነው ብሎ ካርታ ይዞ የመጣ ሰው ግን አልነበረም፤ ቢመጣም ማን ይሰማዋል? እዚህ ግን ካርታው አለ። ሜሪላንድ፣ ዲሲ፣ ቨርጂኒያ፣ እስከ ሰሜን ካሮላይና ክፍል ድረስ የሁለቱም ቡድኖች ክልል ተብሎ ተመዝግቧል። የሁለቱም የሚለው ሲሰሙት ደስ ይላል። ትርጉሙ ግን ሁለቱም ይዘጉባችኋል ማለት ነው።

እንዴት እንደሚዘጋ በዝርዝር እነሆ፤ በየዓመቱ ገንዘቡን የሚያቃጥል ሰው አለና። የሊጉን የኢንተርኔት አገልግሎት፣ ኤምኤልቢ ቲቪን፣ የሁሉንም ቡድን ጥቅል ከፍላችሁ ትገዛላችሁ። የሲያትልን ጨዋታ ከፈታችሁ ይሠራል። ኦርዮልስ ወይም ናሽናልስ ስትሉ በአካባቢዎ አይታይም ይላል። መሣሪያው አልተበላሸም፤ ብላክአውት የሚባለው የአካባቢ እገዳ ነው። ጥቅሉ የሚሸጠው ከክልሉ ውጭ ላለ ተመልካች ነው። ስለዚህ ከመክፈላችሁ በፊት በሊጉ ድረ ገጽ የሰፈራችሁን የፖስታ ቁጥር፣ ዚፕ ኮዳችሁን፣ አስገብታችሁ የትኞቹ ቡድኖች እንደሚዘጉባችሁ እዩ። የክፍያ አድራሻን ወደ ሚኒሶታ ዘመድ ማዞር አይረዳም፤ የሚታየው መሣሪያው ያለበት ቦታ ነው። ሚኒያፖሊስ ጥየቃ የሄዳችሁ ሳምንት ኦርዮልስ ይከፈትላችሁና በምትኩ ትዊንስ ይዘጋባችኋል። ቤት ሆናችሁ የተዘጋውን ጨዋታ ማየት የምትችሉት ካለቀ ከ90 ደቂቃ ገደማ በኋላ ነው፤ እስከዚያ ውጤቱን ሳይነግራችሁ የሚያድር ልጅ ካላችሁ። የድምፅ ስርጭቱ ግን አይዘጋም። በመደበኛ ውድድር በራዲዮ መከተል ይቻላል፤ ለታክሲና ለኡበር ሾፌሮቻችን ይኸው ይበቃል።

ከእኛ የባሰም አለ። አዮዋ የራሷ የትልቅ ሊግ ቡድን የላትም፤ ስድስት የጎረቤት ግዛት ቡድኖች ግን ይዘጉባታል፦ ሁለቱ የቺካጎ ቡድኖች፣ ሴንት ሉዊስ፣ ካንሳስ ሲቲ፣ ሚኒሶታ፣ ሚልዋኪ። ቡድን የለህም፣ የጎረቤትህንም አታይም!

ይህ ሥልጣን ከየት መጣ ብላችሁ ብትጠይቁ መነሻው እዚሁ ጎረቤታችን ነው። በ1922 ከሳሹ የባልቲሞር ክለብ ነበር፤ ፌደራል ሊግ የሚባለው ተፎካካሪ ሊግ አባል። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ቤዝቦል በግዛቶች መካከል የሚካሄድ ንግድ አይደለም ብሎ ፈረደበትና ስፖርቱን ከጸረ ሞኖፖል ሕግ ነጻ አወጣው። ተጫዋቹ ከርት ፍለድ ይህን ሊያስለውጥ ተከራክሮ በ1972 ተሸነፈ፤ እሱም በ1971 ለሴናተርስ 13 ጨዋታ የተጫወተ ሰው ነው። ፍርድ ቤቱ ነገሩ ስሕተት ቢሆንም የሚያርመው ኮንግረስ ነው አለ። ክለቦች ክልል ተካፍለው ሌላ ቡድን አጠገባቸው እንዳይተከል የሚያስጨንቁት በዚህ ጥላ ሥር ነው። በቴሌቪዥኑ ላይ ተመልካቾች ራሳቸው ከስሰው ነበር፤ የኒው ዮርክ ዳኛ በ2014 ይህ ነጻነት ስርጭትን አይሸፍንም አሉ። ጉዳዩ በ2016 በስምምነት አለቀ። የጥቅሉ ዋጋ ከ129.99 ወደ 109.99 ዶላር ወረደ፣ አንድ ቡድን ብቻ በ84.99 መሸጥ ተጀመረ። በሰፈራችሁ ያለው ቡድን ግን ተዘግቶ ቀረ። ሃያ ዶላር መልሰውልን በሩን ቆለፉት!

ጥያቄዬ አንድ ነው። እዚህ የሚኖር ሰው አንድ ጊዜ ከፍሎ ሁለቱንም ቡድን ይይ። ናሽናልስና ኦርዮልስ ተለያይተው ሁለት መተግበሪያ፣ ሁለት ሂሳብ ከሆነ፣ ያ አባትና ልጅ ሁለት ጊዜ ሊከፍሉ ነው። ሁለቱም ክለቦች ስታዲየማቸው የተሠራው በሕዝብ ገንዘብ ነው፤ የሜሪላንዱ በግዛቱ፣ የዲሲው በከተማው። ለግዛት ተወካዮቻችሁና ለኮንግረስ አባሎቻችሁ ስትጽፉ ይህን ጻፉ። ስለ ቤዝቦል ፍቅር አትጻፉላቸው፤ ስለ ሕዝብ ገንዘብ ጻፉላቸው።

የቀሩትን ቶሎ ልበል። በየዓመቱ ሁለቱ ቡድኖች ሲገናኙ አብሮ መሄድ ለምትፈልጉ፦ ወደ ናሽናልስ ፓርክ በሜትሮ ነው፤ ከሲልቨር ስፕሪንግ በቀዩ መስመር ፎርት ቶተን ወርዳችሁ አረንጓዴውን ያዙ፣ ከአሌክሳንድሪያ በቢጫው መጥታችሁ ላንፋንት ፕላዛ ላይ አረንጓዴውን ያዙ፤ መውረጃው ኔቪ ያርድ ነው። ወደ ካምደን ያርድስ በማርክ ባቡር ለማለት ያሰባችሁ፣ የካምደን መስመር ቅዳሜና እሑድ አይሠራም። በ95 አውራ ጎዳና ንዱ።

የመጨረሻው የልጆቹ ጥያቄ ነው፤ በጽሑፍ ደርሶኛል። በብሔራዊ መዝሙሩ መጨረሻ ላይ የኦርዮልስ ደጋፊዎች በቡድናቸው ስም የመጀመሪያ ፊደል «ኦ!» ብለው የሚጮኹት በዋሽንግተን ስታዲየም ይፈቀዳል ወይ? ግጥሙ በ1814 የተጻፈው ባልቲሞር ወደብ ላይ ያለው ፎርት ማክሄንሪ በእንግሊዝ መርከቦች ሲደበደብ ነው፤ ስለዚህ የባልቲሞር ልጅ ትንሽ መብት አለው። ናሽናልስ ፓርክ ውስጥ ከጮኻችሁ ግን ቀይ ኮፍያ የደፋው ወንድማችሁ ሲያጉረመርምባችሁ ቻሉት። ደግሞ በ2019 ውድድሩን 19 አሸንፎ 31 ተሸንፎ ጀምሮ ዋንጫ የበላው የእሱ ቡድን ነው፤ ያን ካነሣባችሁ 1966ን፣ 1970ንና 1983ን ጥሩለት።

ስላዳመጣችሁኝ አመሰግናለሁ። ጥያቄ ያለው እጁን ያውጣ፤ ዚፕ ኮዱን አልጠይቀውም።